ውኃ ለሯጭ የተከለከለበት ዘመን

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ የምንማርበት ከተማ ቆላ ነበር። የስፖርት ክፍለ ጊዜያችን የሚውለው ከምሳ በፊት ባለው የመጨረሻ ሰዓት ስለነበር ሜዳውን የምንዞረው ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት ነው። ከሜዳው ጥግ አንዲት የውኃ ቧንቧ ነበረች። መምህራችን ግን «ሩጫውን ሳይጨርስ ወደ ቧንቧው የዞረ ሁለት ዙር ይጨመርበታል» ይሉን ስለነበር ማንም ደፍሮ አይጠጋትም። አንድ ቀን ለአገር አቋራጭ ውድድር ስንመረጥ፣ ከሁላችንም ብርቱ የነበረው ልጅ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው መንገዱን ትቶ ወደ አጥሩ ሮጠና ወደቀ። ዓይኑ ተገልጧል፤ ስሙን ሲጠሩት ግን አይሰማም። የግቢው አትክልተኛ ሮጠው መጥተው ለአበባ የቀዱትን አንድ ባልዲ ውኃ ከራሱ እስከ እግሩ ቸለሱበት። መምህራችን «ተዉ አባባ፣ ብርድ ይመታዋል!» ብለው ጮኹ። አትክልተኛው ግን አልሰሟቸውም፤ ሁለተኛውን ባልዲ ሊቀዱ ሄደዋል።

ልጁ ተረፈ። መምህራችንም ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንዲያውም ለተማሪ እጅግ የሚያዝኑ ሰው ነበሩ። «የሚሮጥ ሰው ውኃ አይጠጣም» የሚለውን ትእዛዝ ከራሳቸው አላመነጩትም። ከመምህራቸው የተቀበሉትን ለእኛ አስተላለፉ እንጂ። ከዚያ ወዲህ እኔም መምህር ሆኜ ሳስተምር አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልጠፋም። ይህ ትእዛዝ ከየት መጣ? ማንስ ሻረው? ይህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት የሚሞክር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች «ዓ.ም.» ተብለው ካልተለዩ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲል እጠይቃለሁ።

ሰውነት እንዴት ይቀዘቅዛል?

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ነገሩ ራሱ ምን እንደሆነ ባጭሩ ማየት ይጠቅማል። ጡንቻ ሲሠራ ከሚያቃጥለው ኃይል ውስጥ ወደ ሥራ የሚለወጠው ከአራት እጅ አንዱ ቢሆን ነው፤ የቀረው ሁሉ ሙቀት ይሆናል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ ሰዓት 15 ኪሎሜትር ቢሮጥ በግምት 900 ኪሎካሎሪ ያቃጥላል። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 700 ያህሉ ሙቀት ነው። የዚህን ሰው ሰውነት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ ደግሞ 50 ኪሎካሎሪ ያህል ይበቃል። እንግዲህ ሙቀቱ መውጫ ቢያጣ ኖሮ የሯጩ ሙቀት ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አንድ ዲግሪ እየጨመረ፣ ከ37 ተነሥቶ በሩብ ሰዓት ውስጥ 40ን ያልፍ ነበር ማለት ነው።

ይህ የማይሆነው ደም ሙቀቱን ከጡንቻ ተሸክሞ ወደ ቆዳ ስለሚያደርሰውና ከቆዳ ላይ ላብ ስለሚተን ነው። አንድ ሊትር ላብ ሲተን 580 ኪሎካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ከዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛ፣ የሚያቀዘቅዘው የሚተነው ላብ እንጂ የሚንጠባጠበው አይደለም። አየሩ እርጥብ ከሆነ ላቡ ሳይተን መሬት ላይ ይወድቃል፤ ሰውነት ውኃውን ይከስራል፣ ሙቀቱ ግን እዚያው ይቀራል። ሁለተኛ፣ ላብ የሚገኘው ከሰውነት ውኃ ነው። ውኃው ካልተተካ የደም መጠን ይቀንሳል፤ ልብም በእያንዳንዱ ምት የሚገፋው ደም ስለሚያንሰው በፍጥነት መምታት ይጀምራል። ያንኑ ያነሰ ደም ጡንቻም ቆዳም ይሻሙበታል። ቆዳ ሲሸነፍ ሙቀት ወደ ውስጥ ይከማቻል፤ ጡንቻ ሲሸነፍ ጉልበት ይከዳል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ አእምሮ ሊስት ይችላል። ወደ አጥሩ የሮጠው ልጅ የደረሰበት ይኸው ነው።

የጋለው ክፍል

ይህን ነገር በጥንቃቄ ከመረመሩት ሰዎች መካከል እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ብላግደን ይገኝበታል። በ1774 ለንደን ውስጥ ዶክተር ጆርጅ ፎርዳይስ ባዘጋጀው የጋለ ክፍል ውስጥ ብላግደንና ባልንጀሮቹ እየገቡ ተቀመጡ። የክፍሉ አየር ደረቅ ሲሆን ሙቀቱ ከጊዜ በኋላ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንዲሆን ተደረገ። በዚያው ክፍል የተቀመጠ እንቁላል ጠነከረ፤ ሥጋም ተጠበሰ። ሰዎቹ ግን ለጥቂት ደቂቃዎች ቆይተው በደኅና ወጡ፤ የሰውነታቸውም ሙቀት ከወትሮው እምብዛም አልራቀም።

ብላግደን ከዚህ ሌላ ቀላል፣ ግን እጅግ አስተማሪ የሆነ ሙከራ አደረገ። በዕቃ የተቀመጠ ውኃ በዚያ ክፍል ውስጥ ሳይፈላ ቆየ፤ ከላዩ ላይ ጥቂት ዘይት ሲጨመርበት ግን ፈላ። ዘይቱ ያደረገው ሌላ ነገር አይደለም፤ ትነቱን ከለከለ እንጂ። ውጤቱ በ1775 በለንደን ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ታተመ። ስለዚህ ሰው በሙቀት ውስጥ የሚኖረው በትነት እንደሆነ ከ250 ዓመት በፊት ተጽፎ ነበር። ዕውቀቱ ግን ከመጽሔቱ ወጥቶ ወደ ሩጫ ሜዳ ለመድረስ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ፈጀበት።

ሴንት ሉዊስና ስቶክሆልም

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 30 ቀን 1904 በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ በተደረገው የኦሎምፒክ ማራቶን 32 ሰዎች ተነሡ። ሩጫው የተጀመረው ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ሙቀቱ 32 ዲግሪ ያህል ነበር። መንገዱ አቧራማ ነው፤ ከፊትና ከኋላ የሚሄዱት አውቶሞቢሎችና ፈረሶችም አቧራውን ያስነሡት ነበር። በመንገዱ ሁሉ ላይ ውኃ የሚገኝባቸው ቦታዎች ከሁለት አይበልጡም። ይህ የሆነው በቸልተኝነት ብቻ አይደለም፤ ዋናው አዘጋጅ ጄምስ ሰሊቫን የውኃ ጥም በሯጭ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለመመልከት ስለፈለገም ጭምር ነው። አንደኛ የወጣው ቶማስ ሂክስ ውኃ ሲለምን ተከልክሎ አፉን ብቻ በስፖንጅ አበሱለት። ለማበረታቻ የሰጡት እንቁላል፣ ብራንዲና ስትሪክኒን የተባለውን መርዝ ነበር። በ3 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ተደግፎ ገባ። ሌላው ሯጭ ዊልያም ጋርሲያ መንገድ ላይ ወድቆ ተገኝቶ ሆስፒታል ገባ። የጨረሱት 14 ብቻ ናቸው። ከአሥራ አራቱ ውስጥ ሁለቱ ከደቡብ አፍሪካ የመጡት የጽዋና ተወላጆች ሌን ታውንያኔና ጃን ማሺያኒ ሲሆኑ 9ኛና 12ኛ ወጥተዋል፤ በኦሎምፒክ ከተወዳደሩት ጥቁር አፍሪካውያንም የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 14 ቀን 1912 በስቶክሆልም የተደረገው ማራቶንም ያልተለመደ ሙቀት ባለበት ቀን ሆነ። 68 ሰዎች ተነሥተው ግማሽ ያህሉ አቋረጡ። ጃፓናዊው ሺዞ ካናኩሪ በሙቀቱ ተሸንፎ በመንገድ ዳር ካለ አንድ የአትክልት ቦታ ገብቶ፣ የሚጠጣ ነገር ተሰጥቶት፣ ለአዘጋጆቹ ሳይናገር ወደ አገሩ ተመለሰ። ስዊድናውያን በ1967 ጋብዘውት የቀረችውን ርቀት በሽምግልናው ሲጨርስ ሰዓቱ 54 ዓመት ከ8 ወር ከ6 ቀን ተብሎ ተመዘገበለት። ይህ ያስቃል። የሚያስለቅሰው የፖርቱጋሉ ወጣት የፍራንሲስኮ ላዛሮ ነገር ነው። ላዛሮ በሊዝበን አናጢ ነበር፤ ዕድሜው 21 ዓመት ነው። 30 ኪሎሜትር ገደማ ላይ ወደቀ፤ በማግሥቱ ጧት ሞተ። ፀሐዩ እንዳያቃጥለውና ላቡ እንዳይወጣበት ገላውን ቅባት ተቀብቶ ነበር ይባላል። ብላግደን ውኃው ላይ ያፈሰሰው ዘይት እዚህ በሰው ገላ ላይ ተቀባ ማለት ነው።

በዚያው ቀን ደቡብ አፍሪካውያኑ ኬን ማክአርተርና ክርስቲያን ጊትሻም አብረው እየመሩ ሳለ ጊትሻም ውኃ ለመጠጣት ቆመ፤ ጓደኛው ይጠብቀኛል ብሎ አምኖ ነበር ይነገራል። ማክአርተር ግን አልቆመም፤ አንደኛ ወጣ። እንዲህ ያለው ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ሰው የሚይዘው ትምህርት «የጠጣ ተሸነፈ» የሚል ነው። የላዛሮን ሞት ግን ከውኃና ከላብ ጋር ያያያዘው ጥቂት ነው።

ደንብ የሆነ ልማድ

በዚያ ዘመን አሠልጣኞች ውኃን የከለከሉበት ምክንያት በዓይን የሚታይ ይመስላቸው ስለነበር ነው። ሆዱን በውኃ ሞልቶ የሚሮጥ ሰው ያቅለሸልሸዋል፣ ጎኑን ይወጋዋል። የጠማው ሰው ግን ወዲያው አይወድቅም። ከዚህም የተነሣ መጠጣት ጉዳቱ ቶሎ ሲታይ፣ አለመጠጣት ጉዳቱ ዘግይቶ ይመጣል፤ ሲመጣም «አቅም አነሰው» ይባላል። ይኸው ሰሊቫን በ1909 ባወጣው የማራቶን መመሪያ ሯጮች በውድድር መካከል የመብላትና የመጠጣት ልማድ እንዳይዙ መከረ። በጊዜ ብዛት ምክሩ ወደ ደንብ ተለወጠ። በ1953 የዓለም አቀፉ አማተር አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ደንብ ሯጮች መጠጥ የሚታደላቸው ከ15 ኪሎሜትር በኋላ እንዲሆን ያዝ ነበር፤ ከዚያ በፊት የሚጠጣ ነገር አይገኝም።

ደንቡ ከወጣ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 1954 በካናዳ በቫንኩቨር ከተማ እንግሊዛዊው ጂም ፒተርስ ከተከታዩ 17 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ወደ ስታዲየሙ ገባ። ፒተርስ በዚያን ጊዜ በማራቶን የዓለም ፈጣኑ ሰው ነበር። ከበሩ እስከ መጨረሻው መስመር የቀረው ጥቂት መቶ ሜትር ነው። እርሱ ግን እየወደቀ፣ እየተነሣ፣ እየዳኸ ከአሥር ደቂቃ በላይ ታገለና ሳይጨርስ በሰዎች እጅ ተወሰደ። ከዚያ ወዲያ በውድድር አልሮጠም። በዚያ ሙቀት ከተነሡት 16 ሯጮች የጨረሱት 6 ናቸው።

በረሃው፣ ማዕድን ጉድጓዱና ጦር ሠፈሩ

የሩጫው ዓለም በዚህ ልማድ ላይ ሳለ መልሱ በሌላ ቦታ እየተገኘ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ሠራዊት ወደ ሰሜን አፍሪካ በረሃ መዝመት ስለነበረበት፣ የሮቼስተር ዩኒቨርሲቲው ኤድዋርድ አዶልፍና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ በረሃ ወታደሮችን እያስጓዙ፣ ከጉዞ በፊትና በኋላ እየመዘኑ አጠኑ። በ1947 በመጽሐፍ የታተመው ጥናታቸው ሁለት ትላልቅ ነገሮችን አስረዳ። የመጀመሪያው፣ ሰው ውኃን በማጣት ውኃ ሳያስፈልገው መኖርን ሊለማመድ አይችልም፤ ጥምን መቻል ጀግንነት ሊሆን ይችላል፣ ሥልጠና ግን አይደለም። ሁለተኛው፣ በሙቀት የሚሠራ ሰው ውኃ ቀርቦለት እንኳ ያላበውን ያህል አይጠጣም፤ የጎደለውን የሚሞላው ዘግይቶ፣ ይልቁንም በምግብ ሰዓት ነው።

ሁለተኛው የዕውቀት ምንጭ የደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ነው። በዊትዋተርስራንድ ጉድጓዶቹ እየጠለቁ በሄዱ ቁጥር ዓለቱ እየጋለ ሄደ። ሳንባ የሚያበላሸውን የዓለት ብናኝ ለመቀነስ ውኃ ይረጭ ስለነበር አየሩም እጅግ እርጥብ ሆነ። ላብ በማይተንበት በዚያ ጨለማ በሙቀት የሚሞቱት ከሞዛምቢክ፣ ከሌሶቶ፣ ከማላዊና ከሌላም አገር በጉልበት ሠራተኝነት የመጡ ጥቁር አፍሪካውያን ናቸው። በ1930ዎቹ ዶክተር አልዶ ድሬኦስቲ፣ በኋላም የማዕድን ባለቤቶች ማኅበር ቤተ ሙከራ ኃላፊ የነበረው ሲሪል ዊንድሃም ሠራተኞቹን ከሙቀት ጋር ማላመጃ ዘዴ አበጁ። አዲስ የመጣ ሠራተኛ በእንፋሎት በሞቀ ክፍል ውስጥ ለቀናት በየዕለቱ ለሰዓታት እየሠራ ከተላመደ በኋላ ወደ ጉድጓዱ ይወርዳል። የተላመደ ሰውነት ቶሎ ማላብ ይጀምራል፤ ላቡ ይበዛል፣ ጨዉ ይቀንሳል፣ የልቡም ምት ይረጋጋል።

ይህ ዕውቀት ዛሬ የዓለም ሁሉ ስፖርተኛ ይጠቀምበታል። ነገር ግን የተገኘበትን ሁኔታ መርሳት አይገባም። ሠራተኞቹ እንደ ስፖርተኛ መርጠው አልገቡም። በዘር መድልዎ ሕግ ሥር፣ ቤተሰባቸውን ለማስተዳደር ሲሉ ገቡ እንጂ። ጥናቱም ከሞት ቢያድናቸውም ዋና ዓላማው ወርቁ ሳይቋረጥ እንዲወጣ ነበር። ዊንድሃምና ባልደረባው ስትራይደም በ1969 ያወጡት ጽሑፍ ይህን የማዕድን ጉድጓድ ዕውቀት ወደ ማራቶን አመጣው። በቂ ውኃ ያልጠጡና ከክብደታቸው ከመቶ ሦስት እጅ በላይ ያጡ ሯጮች የውስጥ ሙቀታቸው ከፍ ማለቱን አሳዩ። ምንም እንኳ በውጤቱ ላይ በኋላ ብዙ ክርክር ቢነሣበትም፣ ደንቡን ካናወጡት ጽሑፎች አንዱ ይኸው ነው።

ሦስተኛው ቦታ የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር ምልምሎች የሚሠለጥኑበት ፓሪስ አይላንድ ነው። በዚያ ምልምሎች በሙቀት እየወደቁ ስላስቸገሩ ያግሎና ሚናርድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1957 አንድ መለኪያ አቀረቡ። ሦስት ቴርሞሜትሮች ይቀመጣሉ፤ አንዱ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ አንዱ በጥቁር የመዳብ ኳስ ውስጥ ሆኖ ፀሐይ የሚመታው፣ አንዱ ጥላ ውስጥ ያለ ደረቅ። የእርጥቡ ንባብ በ0.7፣ የኳሱ በ0.2፣ የደረቁ በ0.1 ተባዝቶ ይደመራል። ለምሳሌ እርጥቡ 26፣ ኳሱ 45፣ ደረቁ 32 ዲግሪ ቢያነቡ ድምሩ 30.4 ይሆናል። የሒሳቡን ትርጉም ተመልከቱ። ሬዲዮ የሚነግረን የአየር ሙቀት ያለው ክብደት ከአሥር እጅ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ላብ ሊተን መቻል አለመቻሉን የሚነግረን እርጥቡ ቴርሞሜትር ግን ሰባት እጅ ነው። በ1975 የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ይህን መለኪያ ተቀብሎ፣ ድምሩ ከ28 ሲያልፍ ከ16 ኪሎሜትር በላይ የሆነ ሩጫ እንዳይካሄድ፣ በመንገዱም ላይ ውኃ በየ3ና በየ4 ኪሎሜትሩ እንዲታደል መከረ። አሮጌው ክልከላ በዚህ ዓይነት ወደቀ።

ክልከላው ተገልብጦ

ታሪኩ ከዚህ ላይ ቢያልቅ መልካም ነበር፤ ግን አላለቀም። በ1965 በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሮበርት ኬድና ባልደረቦቹ ለአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋቾች ጨውና ስኳር ያለበት መጠጥ ሠሩ። ስኳርና ጨው አብረው ሲገኙ አንጀት ውኃን በተሻለ እንደሚቀበል በዚያው ዘመን ታውቆ ነበር። ለተቅማጥ የሚሰጠውና በየጤና ጣቢያው የምናውቀው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርም የቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው። የፍሎሪዳው መጠጥ ግን ብዙም ሳይቆይ ትልቅ ንግድ ሆነ። ንግዱም ምክሩም አብረው እያደጉ ሄዱ። በ1990ዎቹ ለሯጮች የሚሰጠው ምክር «ሆድህ የቻለውን ያህል ጠጣ፤ እስኪጠማህ አትጠብቅ» እስከ ማለት ደረሰ።

በ1985 ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ቲም ኖክስና ባልደረቦቹ በረዥም ሩጫ ላይ ታመው የመጡ አራት ሰዎችን ሁኔታ አሳተሙ። እነዚህ ሰዎች የታመሙት ውኃ አንሷቸው ሳይሆን በዝቶባቸው ነበር። ከሚወጣው በላይ ውኃ ሲገባ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥናል፤ ውኃው ወደ ሴሎች ይገባል፤ አንጎልም ያብጣል። ሰሚ ግን ጥቂት ነበር። በ2002 በቦስተን ማራቶን አንዲት ወጣት ሯጭ በዚሁ ምክንያት ሞተች። በዚያው ውድድር ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች ውስጥ ከመቶ 13ቱ ሶዲየማቸው ከልክ በታች እንደነበረ በ2005 ታተመ። ይበልጥ የተጎዱትም ቀስ ብለው የሚሮጡ፣ በየጣቢያው እየቆሙ የሚጠጡና ከተነሡበት ክብደት ጨምረው የገቡት ናቸው።

እንግዲህ በአንድ ክፍለ ዘመን ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ትእዛዞች ሰው ገደሉ። አንዱ «አትጠጣ» አለ፤ ሌላው «አብዝተህ ጠጣ» አለ። ሁለቱም የተላለፉት ሯጩን ሳይመዝኑ ነው።

ከሮም እስከ ዶሃ

ይህ ጉዳይ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ሲያሸንፍ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በችቦ ብርሃን ወደ ኮንስታንቲን ቅስት ሲገባ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ ነው። ችቦው ለጌጥ ብቻ አልነበረም። አዘጋጆቹ የሮምን የቀን ሙቀት ለመሸሽ ሩጫውን ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስላስጀመሩት ሲያልቅ ጨልሞ ነበር። በዚያ ደረቅ ምሽት ፀሐይን መሸሽ በቂ ሆነ።

ከ59 ዓመት በኋላ በዶሃ የተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ይህንኑ ዘዴ ተከተለ። የሴቶች ማራቶን እ.ኤ.አ. መስከረም 27 ቀን 2019 በእኩለ ሌሊት ተጀመረ። ፀሐይ አልነበረችም። ነገር ግን ባሕረ ሰላጤው የሚያነሣው እርጥበት ከ70 በመቶ በላይ፣ ሙቀቱም ከ30 ዲግሪ በላይ ነበር። ከተነሡት 68 ሴቶች የጨረሱት 40 ናቸው፤ ከኢትዮጵያ ከተወዳደሩት ሦስት ብርቱ ሴቶች አንዷም አልጨረሰችም። ከስምንት ቀን በኋላ አየሩ ቀለል ባለበት ሌሊት ወንዶቹ ሲሮጡ ሌሊሳ ዴሲሳ በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ አንደኛ፣ ሞስነት ገረመው በአራት ሴኮንድ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጡ። አገሩ አንድ፣ መንገዱ አንድ፣ ሰዓቱ አንድ ነው፤ የተለወጠው አየሩ ነው። ጨለማ ጥቁሩን ኳስ ያቀዘቅዘዋል፤ እርጥቡን ቴርሞሜትር ግን አይነካውም። ከዶሃ በኋላ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን ወደ ሰሜን ወደ ሳፖሮ ከተማ የተዛወረው ከዚህ ትምህርት ተወስዶ ነው።

በቀዝቃዛው ደጋ የሚሠለጥን ሯጭ ሳንባው ጠንካራ ነው፤ ከእርጥብ ሙቀት ጋር መላመድ ግን ሌላ ነገር ነው። ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን በሙቀት ውስጥ ቀስ በቀስ መሥራትን ይጠይቃል። ይህን በጉልበት ወይም በወኔ መተካት አይቻልም።

ለእኛ የሚቀረው

መምህራን ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ ለትምህርት ቤታችን የሚሆነው ምንድን ነው? በመጀመሪያ ሰዓቱን መመልከት ነው። በቆላ ትምህርት ቤቶች የሩጫ ክፍለ ጊዜ ጧት እንዲሆን የክፍለ ጊዜ ሠሌዳ ለሚያወጣው ባልደረባችን ማስረዳት ምንም ወጪ የለውም። ከረዥም ዕረፍት የተመለሰ ወይም ከደጋ የመጣ አዲስ ተማሪም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከነባሮቹ ጋር እኩል መሮጥ የለበትም።

ሁለተኛው ሚዛን ነው። ተማሪውን ቀለል ባለ ልብስ ከሩጫ በፊትና በኋላ መመዘን፣ ከሩጫ በኋላም ላቡን አድርቆ መመዘን። የጎደለው አንድ ኪሎ የጎደለው አንድ ሊትር ውኃ ነው። ከክብደቱ ከመቶ ሁለት እጅ በላይ ያጣ፣ ማለትም 60 ኪሎ ሆኖ ከ1.2 ኪሎ በላይ የቀነሰ፣ በሚቀጥለው ጊዜ በመካከል ይበልጥ ይጠጣ፤ ጨምሮ የተገኘ ደግሞ ይቀንስ። የሒሳብ መምህር አማካዩን፣ የፊዚክስ መምህር ትነቱን፣ የባዮሎጂ መምህር ደሙንና ቆዳውን ሊያስተምርበት ይችላል። ሁለት ቴርሞሜትሮች፣ ቁራጭ እርጥብ ጨርቅና አንድ ሚዛን ለአንድ ሳምንት ትምህርት ይበቃሉ።

ሦስተኛው፣ ተማሪ ሲሮጥ ከተንገዳገደ፣ ከተቆጣ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ሩጫውን ማስቆም ነው። «በርታ» የሚባልበት ጊዜ አይደለም። ወደ ጥላ ወስዶ፣ ልብሱን አላልቶ፣ መላ ገላውን በቀዝቃዛ ውኃ ማራስና ማራገብ፤ የሚነከርበት ገንዳ ካለም መንከር ይገባል። ራሱን የሳተ ልጅ አፉ ውስጥ ውኃ አይፈስበትም። ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደው መኪና እስኪገኝ ማቀዝቀዙ መቋረጥ የለበትም፤ ሕይወትን የሚያድነው እርሱ ነውና።

ከዚህ ላይ ያ አትክልተኛ ትዝ ይሉኛል። ስለ ሰውነት ሙቀት አንዳች ነገር አላነበቡም። ያዩት አንድ የሚነድ ልጅ ነው፤ በእጃቸው የነበረው ደግሞ ውኃ ነው። እኛ የተማርነው ሰዎች ግን ትእዛዙን ይዘን ቆመን ነበር። ለተማሪዎቻችን ትእዛዝን ያለ ምክንያት ካወረስናቸው፣ እነርሱም በተራቸው ያንኑ ለልጆቻቸው ያወርሳሉ። ምክንያቱን ካስተማርናቸው ግን ትእዛዙ በተሳሳተ ጊዜ ራሳቸው ያርሙታል።